ለውዱእ ያጠብኩት እግር

ባለቤቴ ሙሐመድ፣ በቁልምጫው ሙሄ፣ ውሸት አይሆንለትም፤ ዝም ማለት ግን ይችልበታል። ደሴ ላይ ሽማግሌ የላከ ጊዜ እናቱ ለእናቴ «ልጄ ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» ብለው ነበር ያመሰገኑት። እናቴም በዚሁ ተደስታ ዳረችኝ። የእኔ ምላስ የሚያርፈው ስተኛ ብቻ ነው። እናም ቤታችን ውስጥ እኔ የሁለት ሰው አወራለሁ፣ እሱ የሁለት ሰው ዝም ይላል፤ እንዲህ ተቻችለን ኖረናል። ይህን የማወጋችሁ ያ የተመሰገነው ዝምታው ባለፈው ዓመት ሊገድለው ስለነበር ነው።

አሁን የምንኖረው ውጭ አገር ነው፤ ኦቴሎ በሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻርፕ፣ ተምር፣ በርበሬና የስልክ ቻርጀር የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሙሄ የአየር ማረፊያ መንገደኞች የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ቤታችን ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ነው። ልጃችን ሀያት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ የቤት ኪራዩን ዋጋ አይታ ከእኛ ጋር መቅረቱን መርጣለች። ደህና ነበርን ማለት ይቻላል። ከዚያ የሙሄ ሆድ መታመም ጀመረ። ለወራት ችሎ ችሎ፣ ደም ሲያይ ነው ሐኪም ቤት የሄደው። የአንጀት ካንሰር ነው አሉን። ያኔ የተሰማኝን ደርሶባችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያልደረሰባችሁን አላህ ይጠብቃችሁ።

ካንሰሩ ያለበትን የአንጀቱን ክፍል ቆርጠው አወጡለት። ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም «በጊዜ ነው የደረስንበት» ሲለን እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ሱጁድ ወረድኩ። ወደ ቤት ሊሸኙን ሲሉ ነርሷ አንድ ነገር ደጋግማ አስረዳችን። ካንሰር ራሱ ደምን ቶሎ እንዲረጋ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ የሆድ ቀዶ ጥገና ሲጨመር፣ በዚያ ላይ ደግሞ አልጋ ላይ መዋል ሲጨመር፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋና ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል አለች። ለዚህም ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ የሚወጋ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ሰጡን። «ይራመዱ። አንድ እግርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ለነገ አያሳድሩ፣ ያኔውኑ ይደውሉ» አለችው። ሙሄ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሙሄ መነቅነቅ እሺም፣ እንቢም፣ ሰምቻለሁም ማለት ስለሚሆን እኔ በሁለት ጆሮዬ ሰማሁለት።

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ከሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር የቀድሞ ጎረቤቶቻችን፣ ከመስጊድ ሰው፣ ከሻትሉ ጓደኞቹ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ሙሄ ለመራመድ ሲነሳ «ኧረ አትነሳ በአላህ፣ እኛ እኮ የቤት ሰው ነን» ብለው ያስቀምጡታል። ታማሚ ሊጠይቅ የመጣን እንግዳ ጥሎ ኮሪደር ለኮሪደር መንጎራደር ነውር መሰለው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰዎቹን በፍቅራቸው ምክንያት ከቤት ማባረር የቃጣኝ ቀንም ነበር።

መርፌውን መጀመሪያ የምወጋው እኔ ነበርኩ። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ እወጋና እኔው «ኡፍ» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት «አንቺ አትጨነቂ፣ ከእንግዲህ ራሴ እወጋለሁ» አለኝና ይዞት መታጠቢያ ቤት ገባ። ደስ አለኝ። ወንድ ልጅ በመጨረሻ ደፈረ ብዬ ሀያትን አሳቅኳት። ሲወጣ ባዶውን መርፌ ነርሷ በሰጠችን ቀይ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ምን ልጠርጥር?

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል። ከእንግዶቹ አንዱ ከድር ነው፤ የሙሄ የልጅነት ጓደኛ፣ የመኪና መካኒክ፣ ደሴ አንድ ሰፈር ያደጉ። ከድር በስልኩ የማያነበው ነገር የለም፤ ያነበበውን ሳይናገር ደግሞ አያድርም። የዐስር ሰላት ሲደርስ ሙሄን ውዱእ ላስደርገው ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት። ቁስሉ ስለሚይዘው ማጎንበስ አይችልም፤ ስለዚህ እሱ ዱካ በምንላት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ በጆግ ውሃ አፈስለታለሁ፣ እግሩን ደግሞ እኔው አጥብለታለሁ። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ፣ ራሱን አበሰ። ካልሲውን አወለቅኩለት። ቀኝ እግሩን አጠብኩ። ወደ ግራው ስሻገር እጄ ቆመ።

እግሩ ከባቱ ጀምሮ ተነፍቷል። የካልሲው ላስቲክ ቆዳው ውስጥ ሰርጉዶ ገብቷል። ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስኩበትም ይሞቃል።

«ሙሄ፣ ይሄ እግርህ ምን ሆኗል?»

«ምንም። ቁጭ ብዬ ስለዋልኩ ነው።»

«ሁለቱም እኮ አብረው ነው ቁጭ ያሉት።»

 ያኔ ነው ትንፋሹን የሰማሁት። ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ሰው ይተነፍሳል፤ የመጣው ግን ከሶፋው ነው። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት በስቲያ... መሰለኝ» አለ፤ ቃላቱን ሳያርፍ ማገናኘት አልቻለም።

ድምፄን ሰምቶ ነው መሰለኝ ከድር በሩ ላይ ብቅ አለ። እግሩን አየና «ይሄማ ደም አልዘዋወር ብሎት ነው፤ ማሸት ነው የሚፈልገው» ብሎ ለዚያራ፣ ለጥየቃ ያመጣውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከሳሎን ይዞ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። አባቱ ወጌሻ ነበሩ፤ ከልቡ ሊረዳ ነው። ዘይቱን መዳፉ ላይ አፍስሶ ባቱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ የነርሷ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል ብላናለች።

«ከድር፣ እጅህን አንሳ።»

«ዘይኔ፣ ቀስ አድርጌ እኮ ነው...»

«አንሳ አልኩህ!»

በእንግዳ ላይ ጮኬ አላውቅም።  ከድር ዘይት የጠጣ እጁን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሀያት እየሮጠች መጣች፣ የአባቷን እግር አየች፣ ፊቱን አየች። «ማማ፣ አይም ኮሊንግ ናይን ዋን ዋን» አለችና አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች።

ሙሄ ደነገጠ። «እንግዳ ተሰብስቦ... አምቡላንስ? ደግሞ ዐስርን ሳልሰግድ?»

«እስኪመጡ ተቀምጠህ ስገድ» አልኩት። የቀረውን እግሩን ሳልነካካው ቀስ ብዬ ውሃ አፈሰስኩበት። እዚያው በር ላይ ወንበር አድርገን ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርነው። ሰላቱን ጨርሶ ሲያሰላምት የአምቡላንሱ ሰዎች ደረጃውን እየወጡ ነበር።

ሀያትን ከእንግዶቹ ጋር ትቼ እኔ አብሬው ተሳፈርኩ። ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው አልትራሳውንድ አደረጉለት፣ ቀጥሎ ደረቱን በትልቁ ማሽን አነሱት። ሸሚዙን ከፍተው ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙት። የመጣችው ዶክተር ወጣት ናት። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጎማ ባለው መቆሚያ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ወደ እኛ አዞረች። በስክሪኑ በኩል የሚያስተረጉምልን ሰው ምስሉ አይታይም፣ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። አማርኛው የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑን ያስታውቃል።

«እግርዎ ውስጥ የረጋ ደም አለ» አለች ዶክተሯ በእሱ አፍ። «ከእሱ ጥቂቱ ተነቅሎ ሳንባዎ ደርሷል። ያለፈው ትንሽ ነው። ተጨማሪ እንዳይከተለው አሁኑኑ ማከም አለብን። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሰጠዎትን መርፌ በየቀኑ ሲወስዱ ነበር?»

«አዎ» አለ ሙሄ።

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። «እየወሰዱት ከረጋ መድኃኒቱ አልሠራልዎትም ማለት ነው። ነገሩን ከባድ ያደርገዋል። ሌላ መንገድ ማሰብ አለብን፤ ምናልባት ትልቁ የደም ሥርዎ ውስጥ የረጋ ደም የሚያግት ወንፊት የመሰለ ነገር ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል።»

እሷ ስትናገር የእኔ ዓይን የሙሄ ሆድ ላይ ነበር። ያ መርፌ የወጋው ቦታ ሁሉ ይበልዛል። መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። እኔ የወጋሁባቸውን ቦታዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ቢጫ ሆነው ሊጠፉ ደርሰዋል። ሰማያዊ የሚባል ነገር ሆዱ ላይ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው አልተናገርኩም። እኔ ለፍላፊዋ! ባልን በባዕድ ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ላይ ከእሱ ሰምቼው የማላውቀው ውሸት ነው። ፊቱን አየሁት። ጣሪያውን ነው የሚያየው። ወንፊቱን ቢያስገቡበትም ዝም ሊል ቆርጧል።

«ሙሄ፣ ሆድህ ላይ አዲስ ምልክት የለም» አልኩት በቀስታ።

አስተርጓሚው ወዲያው በእንግሊዝኛ አለው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን አትተርጉመው፤ ከባሌ ጋር ነው የማወራው።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው» አለኝና ያንንም ተረጎመው። ዶክተሯ ፈገግ አለች፣ ግን አልተነሳችም።

«እንግዲያው ተርጉመው!» አልኩ። «ሙሄ ስማኝ። ከቤት ሁለት ሆነን ነው የወጣነው፣ ብቻዬን አልመለስም። የዛሬዎቹ እንግዶችህ ነገ ለለቅሶ እንዲመጡልኝ አልፈልግም። እግርህን ሳጥብ ያልነገርከኝን አጥቤ ስገንዝህ ነው የምትነግረኝ? ተናገር። ከፈለግህ እኔ እወጣለሁ፣ ለእሷ ብቻ ተናገር። ግን ተናገር።» እንባዬ መጣ። ልጁ ሳይዘል ሁሉንም ተረጎመው፤ እንግሊዝኛውም ላይ ድምፁ ሻከር ያለ መሰለኝ።

ሙሄ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ።

«ከአሳማ ነው» አለ።

አስተርጓሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። «ምን አሉኝ አባቴ?»

«መርፌው። ከአሳማ አንጀት ነው የሚሠራው። ከድር አንብቦ ነገረኝ፤ እኔም ሀያትን እንደዋዛ ጠይቄ አረጋገጥኩ። የኔን አንጀት ቆርጠው በአሳማ አንጀት ሊጠግኑኝ ነው? በዚህ ሰውነት አላህ ፊት መቆም... አፈርኩ። ስለዚህ ሲንኩ ላይ እያፈሰስኩ ባዶውን ሳጥኑ ውስጥ እጥለው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከተከራከርን አንቺ ታሸንፊያለሽ» አለ። «በዚህ ነገር መሸነፍ አልፈለግኩም።»

ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከካንሰሩ ዜና ይልቅ ያመመችኝ እሷ ናት።

ዶክተሯ ተርጓሚው እስኪጨርስ ጠበቀች። ትስቅ ይሆን፣ ትቆጣ ይሆን ብዬ እፈራ ነበር። «እውነት ነው» አለች። «ያ መድኃኒት ከአሳማ ነው የሚገኘው። ቀደም ብለን ልንነግርዎት ይገባ ነበር። አሁን ስለነገሩኝ ግን አመሰግናለሁ፤ መድኃኒቱ እንዳልተሸነፈ ስላወቅን ወንፊቱን ለጊዜው እንርሳው። ደግሞ ሌላ አለን።»

ሙሄ ከአልጋው ቀና አለ። «ሌላ አለ?»

«አለ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ከእንስሳ ምንም የሌለበት። ቀዶ ጥገናው ቅርብ ስለሆነ ለእርስዎ መስጠት እንደሚቻል ከፋርማሲ ጋር ላረጋግጥ። ካልሆነ ግን ያንኛውን መስጠት ይኖርብኛል፤ ብዙ መጠበቅ አንችልም» ብላ ወጣች።

ሙሄ ወደ እኔ ዞረ። «ሼኹጋ ደውዪልኝ።»

የመስጊዳችን ሼኽ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጆሮው አጠገብ ያዝኩለት። ሙሄ እያረፈ እያረፈ ሁሉንም ነገራቸው።

«ሙሐመድ፣ ሌላ ካገኙልህ እሰየው» አሉ። «ካላገኙ ያንኑ ትወስዳለህ። ነፍሱን ለማትረፍ የተገደደ ሰው ወንጀል የለበትም። ነፍስህ እኮ አማና፣ የአላህ አደራ ናት፤ ዝም ብለህ የምትጥላት የራስህ ዕቃ አይደለችም። ይልቅ ይሄን ከማቆምህ በፊት ያልጠየቅከኝ ለምንድነው?»

«አፈርኩ፣ ሼኻችን።»

«ታዲያ ፈትዋውን ማን ሰጠህ?»

«ከድር።»

 «ከድር ደህና ልጅ ነው» አሉ ቆይተው። «መኪና ሲበላሽብህ እሱን ጠይቅ።»

ሙሄ ሳቀ። ሳቁ ትንፋሽ አሳጥቶት ሳል ሆነ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ነርሷ እየሮጠች ገባች። እኔ ግን ከቤት ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬው ሳቅኩ።

ብዙም አልቆየ፣ ዶክተሯ ከፋርማሲ ባለሙያዋ ጋር ተመለሰች። ባለሙያዋ መርፌውን በእጇ ይዛ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ ለሙሄ ለራሱ አስረዳችው። ጨርሳ «ጥያቄ አለዎት?» አለችው። ሁሌ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱን ሊነቀንቅ ጀመረና ተወው።

«አዎ» አለ። «ነገስ? ነገ የሚሰጡኝ ነርሶች ይሄን ያውቃሉ?»

«አሁኑኑ ፋይልዎ ላይ አስገባዋለሁ።»

«እሺ» አለና ሸሚዙን በገዛ እጁ ወደ ላይ ገለጠ። «ቢስሚላህ።»

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ ብርድ ልብሱን ገልጬ ሆዱን አየሁ። ከእምብርቱ በስተቀኝ አንድ ሰማያዊ ብልዘት ነበር። ሴት በባሏ ሰውነት ላይ ብልዘት አይታ አልሐምዱሊላህ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልኩ።

ጥቂት ቀን አስተኝተው በሚዋጥ ኪኒን ቀይረውለት ወደ ቤት ላኩት። ኪኒኑንም ከመቀበሉ በፊት ከምን እንደተሠራ ጠየቀ። እግሩ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ትንፋሹ ተመለሰ። ከወራት በኋላ በተነሳው ምርመራ ካንሰሩም አልታየም፤ ክትትሉ ይቀጥላል፣ እኛም ዱዓችንን እንቀጥላለን። ከድር መጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሙሄ «ያልከኝ እኮ እውነት ነው፤ ስህተተኛው ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ» ብሎ አቀፈው። አሁን ሁለቱ በየማታው ከመግሪብ በፊት ሰፈራችን ባለው ሐይቅ ዳር አብረው ይራመዳሉ። እንግዳም ሲመጣ ሶፋ የሚባል የለም፤ ሊጠይቅ የመጣ ጫማውን ሳያወልቅ አብሮ ይወጣል።

ሼኹ አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሙሄ ተነስቶ የደረሰበትን ለሰው እንዲነግር ጠየቁት። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ጠበቅኩ። ሙሄ ተነሳ። «ደም የሚያቀጥን መርፌ ከአሳማ ነው ብዬ ሳልናገር አቁሜ ልሞት ነበር። ሌላ ነበራቸው። ጠይቁ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ያጠረ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ ሱቄ ድረስ እየመጡ ያመሰገኑኝ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። አንዷ የእናቷን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ እንደያዘች በቀጥታ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ባለሙያ አስጠርታ ነበር።

እናንተም ስሙኝ። ቤታችሁ ውስጥ የሆድ ዕቃ ካንሰር ታሞ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው ካለ፣ ሐኪሙን ደም ስለመርጋት ጠይቁት። እሱ ረስቶት እንደሆነ እናንተ አትርሱት። የሚሰጧችሁ ነገር ሃይማኖታችሁን ከነካ፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ አትፈሩ፣ ተናገሩ። ሐኪም ያላወቀውን አያክምም። አላህም የልባችሁን ያውቃል፤ መርፌ የያዘችው ነርስ ግን አታውቅም።

ለእኔ የቀረልኝ ትምህርት ሌላ ነው። «ታሸንፊያለሽ» ያለኝን ሳስብ፣ ሰውየው በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስንት ነገር ሳይናገር እንደዋጠ ማሰብ ጀመርኩ። እናም እሱ ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ እኔ መዝጋት እየተለማመድኩ ነው። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ምስር ወጥ ሠርቼ አቀረብኩለት። አንድ ጉርሻ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዘይኔ፣ ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ምስርሽ ጨው ይበዛበታል። ከተጋባን ጀምሮ።»

ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን አልነግራችሁም። ሳህኑን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ቆሜ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ባሌ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ይናገራልም። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ሌላ ምስር ጣድኩ።